ገበር

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው በታች፣ ከባጃጆች ተራ፣
ዐሥራ ሰባት ዓመት ሰው ለካሁ፣ በዚች ሜትር፣ በዚህ ሥራ።
ቅኔ ቤት የዋሉ «ሰም» ይላሉ፣ «ወርቅ» ይላሉ፤
በኛ በልብስ ሰፊዎች «ፊት» እና «ገበር» ነው ቃሉ።
አገር የሚያየው ፊቱን፣
ገላ የሚያውቀው ገበሩን።

በሐምሌ እንየው መጣ፣ ጃንጥላው እያንጠባጠበ፣
የሒሳብ መምህር፤ ደረጃ ሲወጣ እንኳ በከንፈሩ እያሰበ።
«ቀሚስ ስፊልኝ» አለኝ፣ «ለእጮኛዬ፣ ለባንቺአምላክ፤
ያልጠበቀችው ስጦታ ነው፤ እንዳታውቅ በምንም መልክ።»
«ልኳስ?» ብለው ወረቀት አላወጣም፤ ዓይኑን ጨፈነ፤
ድምፁ ወረደ፣ እንደ ጸሎት ሆነ፦
«ደረት ዘጠና አራት፤ ወገብ ሰባ አንድ፤
ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጊው፣ የጣት ግማሽ ያህል»፤
መዳፉ አየሩን ይዞ፣ ከብብት ወደ ዳሌ ሲወርድ፣
ቀስ ብሎ፣ ታጥፎ፣ ተመልሶ፣
ጨለማ ውስጥ ያጠናውን በቃሉ የሚወጣ መሰለ፤
ጆሮው ቀላ። «ዝናቡ በረታ» አለ።

ባንቺአምላክ ቀጭን ናት፤ ወገቧ ስድሳ ሦስት፤
ትከሻዋ ቀጥ ያለ፣ እንደ መዝጊያ መቃን፣ ያለ አንዳች ዝቅታ።
የጠራልኝ ልክ ደብተሬ ውስጥ ነበር፤ ገጹን ገለጥኩት ማታ፦
የአዝመራው ሚስት። ስለናት።
ያቺ ስትለካ ትንፋሿን የምትውጥ፣
ሳቅ ቢያመልጣት እንኳ ዘወር ብላ የምትቀመጥ።

አዝመራውማ ሌላ ነው። የበቆሎ ነጋዴ፣ አንገቱ አርባ ሦስት፤
ሲስቅ የመርፌ ሣጥኔ ይንቀጠቀጣል፤ ሲከፍል መልስ አይቀበልም።
በሰኔ የሸሚዙን ቁልፍ ስተክል አረንጓዴ ክር አልነበረኝም፤
በሰማያዊ ሰፋሁት።

ነሐሴ ሲገባ ባንቺአምላክ መጣች፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ፣
«የጃኬቴ ገበር ተተርትሯል፤ ነገ ይድረስልኝ፤ አላውቅም!» ባይ።
ጣቴን ወደ ቀዳዳው ሰደድኩ፤ አንዲት ቁልፍ ወጣች፣
ከነሰማያዊ ክሯ፣ የሸሚዝ ቁራጭ እንደነከሰች።
ተያየን። ከአንገቷ ሥር እሳት ሽቅብ ወጣ።
ሌላ ሴት ትዋሽ ነበር። እሷ ግን፣
«ለቁልፍ ትዕግሥት የለኝም» አለች፣ «በጥርሴ ነው የበጠስኩት።»
ሳቀች። የመርፌ ሣጥኔ ተንቀጠቀጠ።

የዚያን ለት መብራት ጠፋ። ሞላልኝ ካውያው ውስጥ ከሰል ጨመረ፤
ውኃ ረጨ፣ ተጫነ፤ እንፋሎቱ በመካከላችን ሰፈረ።
ስድስት ዓመት ጨርቅ ተቀባብለናል፤ እጁ እጄን ነክቶት አያውቅም፤
አንዴ እንኳ፣ በስሕተትም።
«የሰው ሁሉ ልክ አለሽ» አለኝ፤ «ያንቺንስ ማን ያውቀዋል?»
ሜትሩን ከአንገቴ ሳበው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ክር ከመርፌ፤
አልጻፈም፤ ቁጥር አልጠራም፤
ከማጅራቴ ጀምሮ ወረደ፤ ኋላም ተመለሰ ወዳፌ።
አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከዳኝ እንደ ልጃገረድ።
ካውያውን ረሳነው። ጣውላው ላይ ጥቁር ጠባሳ አለ፤
ደንበኛ ሲጠይቀኝ፣ «መብራት ሄዶ ነው» እላለሁ።

ቅዳሜ ዕቃ ጠቀለልኩ።
በቀሚሱ ወረቀት ላይ ስም ጻፍኩ፦ «ስለናት»፤
ለእንየው አስረከብኩት። አነበበ። ሦስቴ አነበበ።
የሒሳብ መምህሩ ሒሳቡን ሳይጠይቅ ወጣ።
አዝመራው ሊጠግን የተወውን ሸሚዝ ለባንቺአምላክ ሰጠኋት፦
«ቁልፉን ባራት ዙር ክር አጥብቄዋለሁ፤ እስኪ ጥርስሽን እንያት!»

ለጥር ሠርግ አለ ይባላል፤
የማን ከማን እንደሆነ ግን ከተማው ገና ይከራከራል።

ሰኞ ጠዋት ስለናት መጣች፣ ቀሚሱን ለብሳ፣ ጭቃውን እየዘለለች፣
የቀረውን ሒሳብ ጠረጴዛዬ ላይ ቆጠረች።
ትንፋሿን አልዋጠችም።
«ልኬ ነው» አለች።